በሩን የከፈተው አንዱ፣ ወጪውን የሚሸከመው ሌላው
ያልተማከሉ የኢንተርኔት ማኅበራት ግንኙነት ሲቆራረጡ ማን ያተርፋል? ማንስ ይከስራል?

ዕቁብ የሚጥል ነጋዴ ሁሉ የሚያውቀው አንድ ነገር አለ። የዕቁብ ጥንካሬ የሚለካው በአባላቱ ብዛት ሳይሆን በዳኛውና በዋሱ ነው። ያለ ዋስ የገባ አባል ዕጣው በወጣለት ማግስት ቢሰወር ጉዳቱ የሚያርፈው በእሱ ላይ ሳይሆን ተራቸውን በሚጠብቁት ላይ ነው። ይህ የቆየ እውነት እ.ኤ.አ. በጁን 2023 በኢንተርኔት ዓለም ውስጥ በአዲስ መልክ ታይቷል። በአራት ሰዎች ይተዳደር የነበረው “ቢሃው” የተባለ አነስተኛ የውይይት መድረክ፣ በፍጥነት በማደግ ላይ ከነበሩት ሁለት ጎረቤቶቹ ጋር የነበረውን ግንኙነት በአንድ ጊዜ ቆርጧል። ምክንያቱ ጠብ ወይም የፖለቲካ ልዩነት አልነበረም፤ የሰው ኃይል እጥረት እንጂ።

ነገሩ ከየት ተነሣ?

የነገሩ መነሻ ሬዲት የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ነው። ኩባንያው በአፕሪል 2023 ከመድረኩ መረጃ እየወሰዱ የራሳቸውን ፕሮግራም የሚሠሩ የውጭ ድርጅቶችን ዋጋ ለማስከፈል መወሰኑን አስታወቀ። “አፖሎ” የተባለው ፕሮግራም ባለቤት በአዲሱ ተመን ሲያሰላው የዓመት ክፍያው ወደ 20 ሚሊዮን ዶላር የሚጠጋ ሆኖ አገኘው። ይህንኑ በመቃወም ከጁን 12 ቀን ጀምሮ ከ8 ሺህ በላይ የሬዲት የውይይት ክፍሎች ለሁለት ቀናት በራቸውን ዘጉ። ኩባንያው ግን ከአቋሙ ፈቀቅ አላለም። በዚህ ያኮረፉት ተጠቃሚዎች ሌላ መጠጊያ ሲፈልጉ ካገኟቸው አንዱ “ሌሚ” የተባለው ያልተማከለ መድረክ ነበር።

ሌሚ አንድ ባለቤት የለውም። ማንኛውም ሰው ሶፍትዌሩን በነፃ ወስዶ የራሱን ሰርቨር ማቆም ይችላል። እያንዳንዱ ሰርቨር የየራሱ ባለቤት፣ የየራሱ ደንብና የየራሱ በጀት አለው። ሰርቨሮቹ እርስ በርስ የሚነጋገሩት “አክቲቪቲፐብ” በተባለ የጋራ ቋንቋ ሲሆን፣ የዓለም አቀፉ የድር መመዘኛ አውጪ አካል በጃንዋሪ 2018 በመመዘኛነት አጽድቆታል። አሠራሩ ከኢሜይል ጋር ይመሳሰላል። በአንዱ ሰርቨር የተመዘገበ ሰው በሌላው ሰርቨር ላሉ ሰዎች መጻፍና ከእነሱም መልስ ማግኘት ይችላል።

በርና ዘበኛ

ችግሩ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። ቢሃው አዲስ አባል የሚቀበለው አመልካቹ ለምን መግባት እንደሚፈልግ በጽሑፍ ካስረዳ በኋላ ነበር። በጁን 2023 መጀመሪያ ላይ የተከፈተው “ሌሚ ወርልድ” ግን በሩን ለሁሉም ክፍት አደረገ። ሌላው ጎረቤትም እንዲሁ። በመሆኑም በቢሃው በር ላይ የተመለሰ ሰው በደቂቃዎች ውስጥ በጎረቤት ተመዝግቦ በጓሮ በኩል ወደ ቢሃው የውይይት ክፍሎች ይዘልቅ ነበር። ቢሃው ለበሩ ዘበኛ ቢያቆምም አጥሩ የጋራ ስለነበር ጥበቃው ትርጉም አጣ።

በኢኮኖሚ ትምህርት ይህ የታወቀ ጉዳይ ነው። አንድ ፋብሪካ ፍሳሹን ወደ ወንዝ ሲለቅ የጽዳቱን ዋጋ የሚከፍለው ከታች ያለው ገበሬ ነው። በሌሚም የዕድገቱ ጥቅም በሩን ለከፈተው ሰርቨር ሲገባ፣ ተሳዳቢውንና አጭበርባሪውን የማባረሩ ሥራ ግን በጎረቤቶች ትከሻ ላይ ወደቀ። የቢሃው አስተዳዳሪዎች እንዳስታወቁት፣ የሚያስቸግሯቸው አብዛኞቹ ሰዎች የሚመጡት ከእነዚሁ ሁለት ሰርቨሮች ነበር።

መካከለኛ መፍትሔ ቢኖር ኖሮ ጉዳዩ እስከዚህ ባልደረሰ ነበር። “ማስቶዶን” በተባለው ተመሳሳይ መድረክ አንድ ሰርቨር ሌላውን ሙሉ በሙሉ ሳይቆርጥ የመገደብ አማራጭ አለው። የተገደበው ሰርቨር ጽሑፎች ለሚከታተሏቸው ሰዎች ይታያሉ፤ በአደባባይ ግን አይወጡም። ሌሚ በዚያን ጊዜ ይህን የመሰለ መሣሪያ ስላልነበረው የቢሃው ምርጫ ወይ ሁሉንም ማስገባት ወይ ሁሉንም መዝጋት ሆነ። አስተዳዳሪዎቹ ውሳኔው ዘላለማዊ አለመሆኑን ጭምር በመግለጽ ዘጉ።

ሂሳቡ ሲወራረድ

ከውሳኔው በኋላ ሁለቱም ወገኖች ዋጋ ከፍለዋል። የቢሃው የቴክኖሎጂና የጨዋታ ክፍሎች በወቅቱ ከሌሚ ትላልቅ የውይይት ክፍሎች መካከል ነበሩ። የሌሚ ወርልድ አባላት የቆዩትን ጽሑፎች ማየት ቢችሉም አዲሱ ግን አይደርሳቸውም ነበር። በሦስተኛ ሰርቨር ላይ የተመዘገበ ሰው ሁለቱንም ወገኖች በአንድ ክፍል ውስጥ ሲናገሩ ሲያይ፣ የቢሃው አባላት ግን የሌሚ ወርልድን አባላት ድምፅ አይሰሙም ነበር። ሌሚ ወርልድ የመድረኩ ትልቁ ሰርቨር ለመሆን በቃ። ቢሃው ትንሽ ሆኖ ቀረ፤ ሰላሙን ግን አገኘ።

የክፍት በር ዋጋም ቢሆን ሳይከፈል አልቀረም። በኦገስት 2023 ሆን ብለው የመጡ አጥፊዎች በሕፃናት ላይ የተፈጸመ ጥቃት የሚያሳዩ ሕገ ወጥ ምስሎችን በሌሚ ወርልድ በመለጠፋቸው፣ አንድ ታዋቂ የውይይት ክፍል እስከ መዘጋት ደርሷል። የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በጁላይ 2023 ባወጡት ጥናት፣ በትላልቅ ያልተማከሉ ሰርቨሮች ላይ በሁለት ቀናት ብቻ ከፈተሿቸው 325 ሺህ ያህል ጽሑፎች መካከል ቀደም ሲል የታወቁ 112 እንዲህ ያሉ ምስሎችን አግኝተዋል። የሰርቨር ባለቤት ለሚሆን ሰው ይህ ከስድብና ከጭቅጭቅ አልፎ በሕግ የሚያስጠይቅ ጉዳይ ነው።

መቆራረጥ ሁልጊዜ እንዲህ አከራካሪ ነው ማለትም አይደለም። “ጋብ” የተባለው በጥላቻ ንግግር ክፉኛ የተወቀሰ መድረክ በጁላይ 2019 የማስቶዶንን ሶፍትዌር ወስዶ ሲቀላቀል፣ በርካታ ሰርቨሮች ወዲያውኑ በራቸውን ዘግተውበታል። ያኔ ጥፋተኛው ማን እንደሆነ ለብዙዎች ግልጽ ነበር። የቢሃው ጉዳይ የሚለየው ጥፋተኛ የሚባል ወገን በሌለበት ግንኙነት መቆረጡ ነው።

የነፃ ጉልበት ዋጋ

“ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ” ይባላል። የኢንተርኔት መድረኮች ሸክም ማን ይሸከማል የሚለው ጥያቄ በትልቁ ኩባንያም ቢሆን መልሱ ያው ነው፤ በነፃ የሚሠሩ ሰዎች። በ2022 የወጣ የአሜሪካ ተመራማሪዎች ጥናት የሬዲት ሥርዓት አስከባሪዎች ያለ ክፍያ የሚሠሩትን ሥራ ሲተምነው፣ በትንሹ በዓመት 3.4 ሚሊዮን ዶላር የሚያወጣ ሆኖ አግኝቶታል።

ልዩነቱ ሬዲት ገቢ ያለው መሆኑ ነው። በ2023 የኩባንያው ገቢ 804 ሚሊዮን ዶላር ሲሆን፣ በዚያው ዓመት ወደ 91 ሚሊዮን ዶላር ከስሯል። ይህም ሆኖ በማርች 2024 አክሲዮኑን በኒው ዮርክ ገበያ እያንዳንዱን በ34 ዶላር ሲያቀርብ፣ ዋጋው በመጀመሪያው ቀን ግብይት 48 በመቶ ጨምሮ ዘግቷል። በ2023 ያመፁት የውይይት ክፍሎች ባለሀብቱን አላስፈሩትም ማለት ነው። የሌሚ ሰርቨሮች ግን በአብዛኛው የሚተዳደሩት በመዋጮ ነው። አባላቱ በአሥር እጥፍ ሲያድጉ የአስተዳዳሪዎቹ ቁጥር በአሥር እጥፍ አያድግም።

ማስቶዶን ይህን ችግር ቀድሞ ቀምሶታል። ኢሎን መስክ በኦክቶበር 2022 ትዊተርን በ44 ቢሊዮን ዶላር ሲገዛ፣ የማስቶዶን ወርኃዊ ተጠቃሚዎች ከ300 ሺህ ገደማ ተነሥተው በኖቬምበር ወደ 2.5 ሚሊዮን ደርሰው ነበር። መሥራቹ ዩጂን ሮኮ ገና በ2019 ባወጣው የቃል ኪዳን ሰነድ፣ በማስቶዶን ድረ ገጽ ላይ መዘርዘር የሚፈልግ ሰርቨር ዘረኝነትን እንዲከላከል፣ መረጃውን በየዕለቱ በመጠባበቂያ እንዲያስቀምጥ፣ ከባለቤቱ ሌላ ቁልፍ የያዘ ሰው እንዲኖረውና ከመዘጋቱ ሦስት ወር አስቀድሞ እንዲያሳውቅ ጠይቋል። ነገሩ ዕቁብተኛን ዋስ እንደ መጠየቅ ነው።

ለነጋዴው ምን ይጠቅማል?

ይህ ሁሉ የኮምፒዩተር ሰዎች ጉዳይ ነው ብሎ መተው አይገባም። ደንበኛ የሰበሰበ ሻጭ ሀብቱ የደንበኞቹ ዝርዝር ነው። በማስቶዶን ላይ አንድ ሰርቨር ሌላውን ሙሉ በሙሉ ሲያግድ፣ በሁለቱ መካከል የነበሩ የተከታዮች ግንኙነቶች ይቆረጣሉ፤ እገዳው ቢነሣም በራሳቸው አይመለሱም። ለረጅም ጊዜ ተጠቃሚው ይህ ሲደርስበት የሚነግረው እንኳ አልነበረም። ስለተቆረጡ ግንኙነቶች ማስታወቂያ የሚሰጥ አሠራር የመጣው በኦክቶበር 2024 በወጣው የሶፍትዌሩ እትም ነው። ሰርቨር መቀየር የፈለገ ሰውም ተከታዮቹን ይዞ መሄድ ሲችል፣ የቀድሞ ጽሑፎቹን ግን ትቶ ነው የሚሄደው።

በአንድ ኩባንያ መድረክ ላይ የሚነግድ ሰውም ከዚህ የተሻለ ዋስትና የለውም። እዚያ የሚወስነው ኩባንያው ነው፤ አፖሎ በጁን 2023 መጨረሻ ሥራውን የዘጋውም በሌላ ቤት ተከራይቶ ስለነበር ነው። በአንዱ ወገን አንድ ትልቅ አከራይ፣ በሌላው ወገን ብዙ ትናንሽ አከራዮች ናቸው ያሉት። ትናንሾቹ አንድ የሚበልጡበት ነገር ቢኖር ተከራዩ መርጦ መግባት መቻሉ ነው።

ምርጫው የሚጠቅመው ግን ለሚጠይቅ ነው። ሰርቨሩን የሚያስተዳድሩት ስንት ሰዎች ናቸው? ወጪውን የሚሸፍነው ማን ነው? አዲስ አባል የሚገባው በምን መንገድ ነው? እስካሁንስ ከማን ጋር ግንኙነት አቋርጧል? ብዙ ሰርቨሮች ያገዷቸውን ዝርዝር ለአባላት በይፋ ስለሚያወጡ መልሱን ማግኘት አይከብድም። ዕቁብ ከመግባቱ በፊት ዳኛው ማን እንደሆነ የማይጠይቅ ነጋዴ የለም። ደንበኞቹን ሁሉ በአንድ ሰርቨር ላይ የሚያሰባስብ ሰውም ይህንኑ ጥያቄ በሩ ከመዘጋቱ በፊት ቢጠይቅ ይበጀዋል።