ዘይቱ ድስት ውስጥ ሳይገባ

ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም የሚኖር ሠራተኛ ራት የሚበላው መሽቶ ነው። ከመሀል ከተማ ተነስቶ፣ ታክሲና አውቶቡስ ቀያይሮ፣ ደረጃውን ወጥቶ በሩን ሲከፍት ከምሽቱ ሁለት ሰዓት አልፏል። በእኛ ቤት በዚያ ሰዓት ወጡ ተሠርቶ አልቋል። የምትሠራው እናቴ ናት። ስድስት ነን፤ እናቴ፣ ባለቤቴ፣ ሁለት ልጆች፣ ታናሽ እህቴና እኔ። ትሪው ግን አንድ ነው።

ሐኪም «ክብደት ቀንሺ» ያለኝ ጊዜ መጀመሪያ ያደረግሁት ሳህን ለይቼ ጥሬ ሰላጣ መብላት ነበር። እናቴ በሁለተኛው ቀን «ምን በድዬሽ ነው?» አለችኝ። በእኛ አገር ሳህን የሚለይ ሰው ወይ ታሟል ወይ አኩርፏል። በአራተኛው ቀን ወደ ትሪው ተመለስኩ። ከዚያ በኋላ ነው ነገሩን ከትሪው ሳይሆን ከድስቱ መጀመር እንዳለብኝ የገባኝ።

አንድ ግራም ስብ 9 ካሎሪ ይሰጣል፤ አንድ ግራም ፕሮቲን ወይም ካርቦሃይድሬት ግን 4 ብቻ። ዘይት ሙሉ በሙሉ ስብ ነው። አሁን የቤታችሁን ጀሪካን አስቡት። ባለ 5 ሊትሩ 4.6 ኪሎ ገደማ ይመዝናል፤ ከ41,000 ካሎሪ በላይ ማለት ነው። ስድስት ሰው በአንድ ወር ከጨረሰው፣ ለአንድ ሰው በቀን 230 ካሎሪ ገደማ ይደርሰዋል። ያውም ማንም «ዘይት በላሁ» ሳይል። ይህንኑ በግማሽ ብንቀንሰው በዓመት ለአንድ ሰው 42,000 ካሎሪ ያህል ይቀራል። አንድ ኪሎ የሰውነት ስብ 7,700 ካሎሪ ያህል ስለሚይዝ፣ በወረቀት ሒሳብ ከ5 ኪሎ በላይ ነው። ሰውነት ሲቀልል የሚያቃጥለውም ስለሚቀንስ በተግባር ከዚህ ያንሳል፤ ሆኖም ከትሪው አንድም ምግብ ሳይጎድል የሚገኝ ነው።

ታዲያ ይህን ያህል ዘይት የሚገባው የት ነው? ቁሌት ላይ ነው። ሽንኩርት ከአሥር እጅ ዘጠኝ እጁ ለማለት የሚያስደፍር ውኃ ነው። ደቆ ተከትፎ፣ ትንሽ ጨው ነስንሰንበት፣ በመጠነኛ እሳት ከድነን ብንተወው በራሱ ውኃ ይበስላል። ሊይዝ ሲል አንድ ማንኪያ ሙቅ ውኃ ጠብ ማድረግ ነው። ባለሙያ እናቶች ሽንኩርቱን መጀመሪያ በደረቁ ያቁላሉት የነበረው በዚህ ምክንያት ነው፤ ዘይቱ የሚመጣው ኋላ ነው። ዘይቱን አስቀድመን የምናፈሰው ስንቸኩል ነው፤ ቆመን ማማሰል ሲሰለቸን «እንዳያርብኝ» ብለን እናጥለቀልቀዋለን። እናቴ ይህን ከእኔ በላይ ታውቃለች። «ድሮ እንደምታደርጊው አድርጊልኝ» ስላት ደስ አላት እንጂ አልከፋትም።

ጨርሶ ያለ ዘይት መሥራት ግን አያዋጣም። የበርበሬው ቀለምና የሚያቃጥለው ቅመሙ በውኃ ሳይሆን በስብ ነው የሚሟሟው። በጎመንና በካሮት ውስጥ ያለው፣ ሰውነት ወደ ቫይታሚን ኤ የሚቀይረው ቢጫማ ቀለምም ያለ ስብ በደንብ አይወሰድም። ለስድስት ሰው ድስት ሦስት የሾርባ ማንኪያ ይበቃል፤ ለአንድ ሰው 60 ካሎሪ ያህል ነው። እኛ ቤት ከባዱ ነገር ልክ ማስያዙ ሳይሆን ዓይንን ማስለመዱ ነበር። ወጥ በሰለ የሚባለው ዘይቱ ከላይ ሲንሳፈፍ ነው፤ ለእንግዳ ዘይት የሌለው ወጥ ማቅረብም ንፍገት ይመስላል። የተንሳፈፈ ዘይት ግን የሚነግረን ውኃው መምጠጡንና ዘይቱ መብዛቱን ብቻ ነው። መብሰሉን የሚነግረን የሽንኩርቱ መቅለጥና የጥሬ በርበሬው ሽታ መጥፋት ነው።

ዘይቱን መቀያየርስ? ለክብደት ለውጥ የለውም። ብርድ ሲሆን የሚረጋው የፓልም ዘይትም፣ የሱፍ ዘይትም በካሎሪ እኩል ናቸው። የፓልም ዘይት ግማሽ ያህሉ ለልብ የማይበጀው የሚረጋ የስብ ዓይነት ስለሆነ፣ አቅም ከፈቀደ ለልብ ሲባል የሱፉ ይመረጣል።

አንድ ነገር አደራ እላለሁ። በአንድ ትሪ ላይ መወፈር የሚያስፈልገውም፣ መቅጠን የሚያስፈልገውም ሰው አብሮ ይቀመጣል። ትንሿ ልጄ እያደገች ነው፤ እናቴ ቀጭን ናት። ከድስት ዘይት ማውጣት አይቻልም፤ ትሪ ላይ መጨመር ግን ይቻላል። ስለዚህ ድስቱ ለእኔ ይሠራል፤ በልጄ በኩል አቮካዶ ወይም እንቁላል፣ በእናቴ በኩል ጠብ የሚል ቅቤ ይጨመራል። በጾም ቀን ቅቤውን ኑግ ወይም ተልባ ይተካዋል።

ትሪው ራሱ፣ ካስተዋልነው፣ ድርሻ አለው። ጨዋ ሰው ከፊቱ ይበላል እንጂ ተሻግሮ አይቆርስም። እንግዲህ ፊት ለፊታችሁ የተጨለፈው ራታችሁ ነው። ጎመኑና ምስሩ በእኔ በኩል፣ ድንቹና ሽሮው በልጆቹ በኩል እንዲጨለፍ ለመንኩ። ማንም አልተለየም፤ ማንም አላኮረፈም።

እንጀራን በተመለከተ ቤታችሁ ውስጥ የምትሠሩት ሒሳብ አለ። አንድ ኪሎ የጤፍ ዱቄት 3,600 ካሎሪ ገደማ ነው። ከኪሎው ሰባት እንጀራ ከወጣ አንዱ 500 ገደማ ይሆናል። ጤፍ መጥፎ እህል ስለሆነ አይደለም የምለው፤ ፕሮቲንም አሰርም ያለው ግሩም እህል ነው። ችግሩ ከጋራ ትሪ ላይ ስንት እንደበላን አለማወቃችን ነው። እኔ ድርሻዬን አንድ ጥቅል አድርጌ ከፊቴ አስቀምጣለሁ፤ ወጡን የጠጣውን፣ ከሥር የተነጠፈውን እንጀራ አልነካም። ጆን ደ ካስትሮ የተባለ አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ተመራማሪ ሰዎች የበሉትን ሁሉ እንዲመዘግቡ አድርጎ ሲያጠና፣ ከሰው ጋር የተበላ ምግብ ብቻ ከተበላው እንደሚበልጥ አግኝቷል። ምክንያቱ በአብዛኛው ገበታው ላይ ረጅም ጊዜ መቀመጣችን ነው። በአንድ ትሪ ለሚበላ ሕዝብ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ጨዋታው ይቀጥል፤ ትሪው ግን ቀድሞ ይነሳ።

ጉርሻ ሲመጣ አልመልስም። «በሞቴ» ካለች እናት እጅ የተመለሰ ጉርሻ ከማንኛውም ካሎሪ ይከብዳል። «ትንሽ አድርጊው» እላለሁ፤ አንዷም ትበቃኛለች።

ከሁሉ በላይ የሚጎዳን የመንገዱ ረሃብ ነው። ምሳ በስድስት ሰዓት የበላ ሰው ስምንት ሰዓት ያህል ቆይቶ ትሪ ፊት ሲቀመጥ ልክ አያውቅም፤ ታክሲ ተራ ላይ ሳምቡሳ ወይም ቦምቦሊኖ ይዞ የሚሳፈረውም ለዚህ ነው። ከቤት የተያዘ አንድ ጭብጥ የሽምብራ ወይም የስንዴ ንፍሮ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ብትበሉ፣ ራቱን ረጋ ብላችሁ ትበሉታላችሁ።

የስኳር መድኃኒት የሚወስድ ሰው፣ ነፍሰ ጡርና የምታጠባ እናት ምግብ ከመቀነሳቸው በፊት ሐኪም ያማክሩ።

እናንተም የሚቀጥለውን ጀሪካን ስትከፍቱ ቀኑን በእስክሪብቶ ጻፉበት። የእኛው በወር ያልቅ ነበር፤ አሁን ያለው ከተከፈተ ሰባተኛ ሳምንቱ ነው፤ ገና አላለቀም።