ለሞቃት ከተማ የሚሆን ቤት

በጅቡቲ ከተማ እምብርት፣ ቀድሞ የምኒልክ አደባባይ ይባል በነበረው ስፍራ ዙሪያ፣ ነጭ የተቀቡ አሮጌ ሕንፃዎች ባለ ቅስት በረንዳቸውን ዘርግተው ቆመዋል። ግድግዳቸው ወፍራም ነው፤ ከባሕር በወጣ የኮራል ድንጋይ የተገነቡም አሉ። እግረኛው ከቅስቱ ሥር ሲገባ ከፀሐይዋ ያርፋል። ከአምቡሊ ወንዝ ማዶ፣ በባልባላ ሰፈር ግን በቆርቆሮና በእንጨት የቆመው ቤት ብዙ ነው።

ሐምሌ ላይ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ሲያልፍ ቆርቆሮው የጋለበትን ሙቀት ወደ ውስጥ ይለቀዋል። አቅም ያለው አየር ማቀዝቀዣ ይከፍታል። ከ2011 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ከኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ቢገባም ለድሃ ቤተሰብ ሒሳቡ ከባድ ነው። ሙቀቱን የሚችሉት ደግሞ ቤት የሚውሉት ናቸው፦ ምግብ የሚያበስሉ እናቶች፣ ሕፃናት፣ አረጋውያን።

ያለ ማሽን ማቀዝቀዝ እንደሚቻል እዚያው አገር ታይቷል። ከታጁራ ባሕረ ሰላጤ ማዶ፣ በታጁራ ከተማ፣ የአርክቴክት ኡርኮ ሳንቼስ ቢሮ የነደፈው የኤስኦኤስ የሕፃናት መንደር 15 ቤቶች አሉት። ቤቶቹ ተጠጋግተው አንዱ ለሌላው ጥላ ይሆናል፤ መኪና የማይገባባቸው ጠባብ መንገዶች ለልጆች መጫወቻ ናቸው፤ የንፋስ ማማዎቹም አየር ያንሸራሽራሉ።

ይህን እውቀት ለድሃው በማድረስ ረገድ ሴት አርክቴክቶች ከፊት ተሰልፈዋል። የፓኪስታን የመጀመሪያዋ ሴት አርክቴክት ያስሚን ላሪ በ2000 ቢሯቸውን ዘግተው ጡረታ ከወጡ በኋላ፣ በአደጋ ቤታቸውን ላጡ ሰዎች በቀርከሃ፣ በኖራና በአፈር መሥራት ያዙ። የገጠር ሴቶች በራሳቸው እጅ የሚሠሩትን ጭስ አልባ ምድጃም ነደፉ፤ ከፍ ባለ መደብ ላይ ስለሚቀመጥ ጎርፍ በቀላሉ አያገኘውም። በ2023 የብሪታንያ አርክቴክቶች ተቋም የወርቅ ሜዳሊያ ሸለማቸው። በኒጀር ደግሞ ማሪያም ኢሱፉ ከባልደረቦቿ ጋር በ2016 በኒያሜ ባልተተኮሰ የአፈር ጡብ የመኖሪያ ቤቶች ሠርታለች፤ ወፍራሙ ግድግዳ የቀኑን ሐሩር ያዘገየዋል።

ከቦታው ጋር የሚስማማ ሕንፃ በመሥራት ረገድ በአዲስ አበባም ራሔል ሻውል አለች። ከሆላንድ አርክቴክቶች ጋር የሠራችበት የኔዘርላንድስ ኤምባሲ በ2007 የአጋ ካን የሥነ ሕንፃ ሽልማት አግኝቷል። ሕንፃው ከባሕር ዛፎቹ መካከል፣ ከተዳፋቱ ጋር ተስማምቶ የተቀመጠ ነው። ራሔል በ2004 የመሠረተችው ራስ አርክቴክትስ ዛሬም በሥራ ላይ ነው።

ጅቡቲ ከእነዚህ ሥራዎች የምትወስደው ብዙ ነው። በኅዳር 2019 ከባድ ዝናብ ከተማዋን ባጥለቀለቀ ጊዜ ዝቅ ያሉ ሰፈሮች ክፉኛ ተጎድተዋል። ለባልባላ ቤት ሲነደፍ ወለሉ ከመሬት ከፍ ይበል፤ መስኮቱ በንፋሱ አቅጣጫ ይከፈት፤ ጣሪያው ከቆርቆሮው በታች አየር የሚመላለስበት ክፍተት ይኑረው። ማድ ቤቱ የት ይሁን፣ ጭሱስ በየት ይውጣ የሚለውን ደግሞ መሐንዲሱ እርሳሱን ከማንሳቱ በፊት እዚያ የምታበስለውን ሴት ይጠይቅ።