«ሲስተም የለም»

አንዳንድ ቃል ከባሕር ማዶ መጥቶ ሳይጠራ ቤተኛ ይሆናል። «ሲስተም» የሚባለውም ቃል እንዲሁ ነው። ትርጓሜውን ብንጠይቅ በትክክል የሚነግረን ሰው ጥቂት ነው፤ ሆኖም በባንክ ቤት፣ በወረዳ ጽሕፈት ቤት፣ በነዳጅ ማደያ «ሲስተም የለም» በተባለ ጊዜ ያልገባው ሰው አይገኝም። ሽማግሌው ምርኩዛቸውን ይዘው፣ እናትም ልጇን አዝላ፣ ነጋዴውም ሰዓቱን እያየ ይመለሳል። የሚያስደንቀውም ነገር ይህ ነው፤ «ኃላፊው የሉም» ሲባል «የት ሄዱ?» ብሎ የሚከራከረው ባለጉዳይ፣ «ሲስተም የለም» ሲባል ግን የት እንደ ሄደና መቼ እንደሚመለስ ሳይጠይቅ አንገቱን ደፍቶ ይወጣል። ለመሆኑ ይህ የማይታይ አለቃ ከመቼ ወዲህ ተሾመብን?

ኢንተርኔት ወደ አገራችን የገባው በ1989 ዓ.ም. ነው። በዚያን ጊዜ ጥቂት መሥሪያ ቤቶችና ጥቂት ምሁራን ደብዳቤ የሚላላኩበት መሣሪያ ነበር እንጂ፣ ቢቋረጥ የማንም ቤት እንጀራ ሳይጋገር አያድርም ነበር። ዛሬ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ቴሌብር ግንቦት 3 ቀን 2013 ዓ.ም. ሥራ ጀምሮ፣ በ2017 ዓ.ም. የተመዘገቡት ደንበኞቹ ከ50 ሚሊዮን በላይ ሆነዋል። በ2015 ዓ.ም. የነዳጅ ሒሳብ በስልክ እንዲከፈል ታዘዘ። በ2016 ዓ.ም. ከ12ኛ ክፍል ተፈታኞች ከፊሎቹ ብሔራዊውን ፈተና በወረቀት ሳይሆን በኮምፒዩተር ፊት ተቀመጡ። ከ2017 ዓ.ም. ወዲህም በአዲስ አበባ አዲስ የባንክ ሒሳብ ለሚከፍት ሰው የፋይዳ ቁጥር ግድ ሆኗል። እንግዲህ ቤንዚኑም፣ ትምህርቱም፣ ገንዘቡም በአንድ ክር ላይ ተንጠልጥሏል ማለት ነው።

ይህን ስንል ሥልጣኔን ለመንቀፍ አይደለም። ልጇ ለሥራ ሪያድ ወይም ቤይሩት የሄደችባት እናት ቀድሞ ደብዳቤ በመጠበቅ ወራት ታሳልፍ ነበር፤ አሁን ግን በኢሞ የልጇን ፊት አይታ «ከሳሽብኝ» ለማለት በቅታለች። የጅማ ነጋዴ መርካቶ ላለው ደንበኛው ገንዘብ ለመላክ በወገቡ ታጥቆ ሌሊት መጓዝ አያስፈልገውም። ከወረፋና ከቀማኛ ያዳነንን ነገር ማመስገን እንጂ ማማት ነውር ነው።

ይሁን እንጂ እያሳሳቀ የሚወስድ ውኃ አለ። አዲሱ መንገድ በተከፈተ ቁጥር አሮጌውን መንገድ እሾህ እየወረሰው መሄዱን ልብ ያልነው ጥቂቶች ነን። ከዩኒቨርሲቲ በቅርቡ የወጣን ወጣቶች በየመሥሪያ ቤቱ ስንቀጠር፣ በእጅ የሚጻፈው የደረሰኝ ጥራዝ በቁም ሣጥን ውስጥ ተቆልፎ፣ የቁልፉም ያዥ በጡረታ ተሰናብቶ እናገኛለን። በአንዳንድ ሰፈር የዕድሩ ጡሩንባ ዝም ብሎ መርዶው በቴሌግራም ይነገራል፤ ስልክ የሌላቸው አረጋዊት ግን ከቀብር በኋላ ይሰማሉ። የእናቱን ስልክ ቁጥር በቃሉ የሚያውቅ ወጣትስ ከመካከላችን ስንት ይገኛል?

ክሩ በተበጠሰ ጊዜ የሚሆነውንም በዐይናችን አይተነዋል። ድምፃዊ ሃጫሉ ሁንዴሳ በተገደለ ማግስት፣ ሰኔ 23 ቀን 2012 ዓ.ም. ኢንተርኔት ለጸጥታ ተብሎ በመላ አገሪቱ ሲዘጋ፣ ሦስት ሳምንት ያህል ቆየ። በዚያን ጊዜ ቴሌብር ገና አልተወለደም ነበር፤ ያው መዘጋት ዛሬ ቢደርስ ጉዳቱ ስንት እጥፍ እንደሚሆን አንባቢ ራሱ ይገምተው። በትግራይ ከጥቅምት 2013 ዓ.ም. ጀምሮ ሁለት ዓመት ያህል በአብዛኛው ስፍራ ስልክና ኢንተርኔት ተቋርጦ፣ ባንኮችም ለረዥም ጊዜ ሥራቸውን አቁመው ስለ ነበር፣ ሰው በስሙ ገንዘብ ተቀምጦለት ሳለ ለዕለት ጉርሱ ተቸገረ፤ የዘመዱንም ሞትና ሕይወት ሳያውቅ ከረመ። በዐማራ ክልልም በ2015 ዓ.ም. ክረምት የተዘጋው የሞባይል ኢንተርኔት በብዙ ስፍራ ለወራት ሳይከፈት ቆይቷል። የተዘጋበትን ምክንያት የሚመዝኑ ሌሎች ይሁኑ፤ እኛ የምናስበው ግን ክሩ ሲበጠስ አስቀድሞ የሚወድቀው ሌላ መደገፊያ የሌለው ሰው መሆኑን ነው።

መድኃኒቱንም ከሩቅ መፈለግ አያሻም፤ ከኢንተርኔቱ ከራሱ መማር ይቻላል። ኢንተርኔት ሲፈጠር ጀምሮ አንዱ መሥመር ቢቋረጥ መልእክቱ በሌላ ዞሮ እንዲደርስ ተደርጎ የተሠራ ነው። አገራችን የባሕር በር ስለሌላት መሥመሩ የሚደርሰን በጎረቤቶቻችን፣ ይልቁንም በጅቡቲና በኬንያ በኩል ከባሕር ገመድ ጋር ተያይዞ ነው፤ አንዱ በር ቢጎድል ሌላው እንዲያገለግል ታስቦ። በ2016 ዓ.ም. በቀይ ባሕር ውስጥ ገመዶች ተበጥሰው በነበረ ጊዜም፣ በእስያና በአውሮፓ መካከል ከሚመላለሰው መልእክት ከፊሉ በሌላ መንገድ እንዲዞር ተደረገ እንጂ ዓለም ሁሉ «ሲስተም የለም» ብሎ ቤቱ አልገባም። መሐንዲሶቹ በአንድ ገመድ ካልታመኑ፣ የመስኮቱ ጸሐፊ በአንድ ገመድ የሚታመንበት ምክንያት ምንድን ነው?

ስለዚህ ሕዝብ የሚያገለግል መሥሪያ ቤት ሁሉ፣ መሥመሩ በጠፋ ሰዓት የሚሠራበት ሁለተኛ መንገድ ሊኖረው ይገባል እንላለን። የደረሰኙ ጥራዝ ከቁም ሣጥኑ ይውጣ፤ የባለጉዳዩ ስም በመዝገብ ይጻፍና መሥመሩ ሲመለስ ይገባለት፤ ወረፋውንም አይጣ። «ሲስተም የለም» የሚለውም ሠራተኛ ከዚህ ቃል በኋላ «እስከዚያው ግን እንዲህ እናደርግልዎታለን» የሚል ሁለተኛ ቃል ይጨምር። እኛም ተገልጋዮች የድርሻችን አለን። በቴሌብር በ*127# ያለ ኢንተርኔት መክፈል እንደሚቻል ለወላጆቻችን ማሳየት፣ የዘመድ ስልክ ቁጥር በደብተር መጻፍ፣ ለክፉ ቀን የሚሆን ጥቂት ብር በእጅ ማኖር ወጪ አይጠይቅም።

አባቶቻችን «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» ብለዋል። የዘመናችን ድር በእርግጥ አብሯል፤ ብዙ አንበሳም አስሯል። ብልኅነቱ ግን ድሩን ይዘን አንበሳውን ማሰር እንጂ፣ ራሳችን በድሩ ተተብትበን በመስኮት ፊት መቆም አይደለም።