ኩላሊት የተተከለለት ሰውና የአውድማ አቧራ

በምሥራቅ ጎጃም ውቂያ ሲደርስ ከአውድማው የሚነሳው እብቅ የሰው ፊት ያለብሳል። ርጥበት የነካው ጭድ ሲገላበጥ፣ የጎተራ ሥር ሲጠረግም በዓይን የማይታይ የሻጋታ ዘር አብሮ ይቦናል። አንዱ አስፐርጊለስ ይባላል። ሁላችንም በየቀኑ እንተነፍሰዋለን፤ ጤነኛ ሰውነት ሳንባ ውስጥ ይዞ ያጠፋዋል። ኩላሊት የተተከለለት ሰው ግን ይህ አቅሙ ደክሟል።

በአገራችን የኩላሊት ንቅለ ተከላ የተጀመረው በመስከረም 2008 ዓ.ም. በአዲስ አበባ፣ በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሚሊኒየም ሕክምና ኮሌጅ ነው። ከደብረ ማርቆስ የሚነሳ ታማሚ ዓባይን ተሻግሮ 300 ኪሎ ሜትር ያህል ይጓዛል። ከወንድም ወይም ከእናት የተሰጠ ኩላሊት እንኳ ለሰውነት ባዕድ ነው። እንዳይዋጋው ታክሮሊመስ፣ ማይኮፌኖሌትና ፕሬድኒሶሎንን የመሳሰሉ መድኃኒቶች ይታዘዛሉ፤ ኩላሊቱ እስከሠራ ድረስም አይቋረጡም። ኩላሊቱን የሚያቆዩት እነዚሁ መድኃኒቶች ለፈንገስ መንገድ ይከፍታሉ።

በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የሚያስቸግረው ካንዲዳ ነው፤ አፍ ውስጥ ነጭ ሆኖ ይታያል፣ በሽንት ቱቦም ይገባል። ሳንባን የሚያጠቃውን ኒውሞሲስቲስ ለመከላከል ኮትሪሞክሳዞል ለወራት ይሰጣል። ክሪፕቶኮከስ ብዙ ጊዜ ዘግይቶ ይመጣል። በአፈርና በርግብ ኩስ ውስጥ ይኖራል፤ በሳንባ ገብቶ ወደ አንጎል ይዘልቃል። ምልክቱ ቀስ እያለ የሚብስ ራስ ምታት ስለሆነ ብዙዎች ችላ ይሉታል። ከጀርባ በተቀዳ ፈሳሽ ላይ ጥቁር ቀለም ጠብ ተደርጎ በማይክሮስኮፕ ሲታይ፣ እያንዳንዱ ፈንገስ ነጭ ቀለበት ለብሶ በጥቁሩ መሐል ቁልጭ ብሎ ይታያል። ሐኪሞቻችን ይህን በሽታ ከኤችአይቪ ታማሚዎች ጠንቅቀው ያውቁታል።

ሕክምናው አለ፤ ጥንቃቄው ግን ከባድ ነው። ለክሪፕቶኮከስ የሚሰጠው አምፎቴሪሲን ቢ ኃይለኛ ቢሆንም ኩላሊትን ይጎዳል። በስብ ተሸፍኖ የተሠራው ዓይነቱ ይሻላል፤ ዋጋው ግን ውድ ነው። ለአስፐርጊለስ ቮሪኮናዞል ይመረጣል፤ ሕክምናው ቢያንስ ከ6 እስከ 12 ሳምንት ይፈጃል። ቮሪኮናዞልም ሆነ በየመድኃኒት ቤቱ የሚገኘው ፍሉኮናዞል ጉበት ታክሮሊመስን እንዳያስወግድ ያግዱታል። ታክሮሊመሱ በደም ውስጥ ይከማችና ኩላሊቱን ይመርዛል። ስለዚህ ቮሪኮናዞል ሲጀመር የታክሮሊመሱ መጠን ወደ አንድ ሦስተኛ ይወርዳል፤ ደሙም እየተመረመረ ይስተካከላል። ፈንገሱን የሚያክመው ሐኪምና ኩላሊቱን የሚከታተለው ሐኪም ካልተነጋገሩ፣ በትክክል የታዘዘ ክኒን እንኳ ያን ሁሉ ድካም ከንቱ ያስቀራል።

ኩላሊት የተተከለለት ዘመድ ያላችሁ ቤተሰቦች፣ ውቂያውንና የጎተራ ጠረጋውን እናንተ ሥሩለት። ትኩሳት፣ የማይለቅ ሳል ወይም ራስ ምታት ከጀመረው ነገ ይሻለዋል ብላችሁ አትጠብቁ። የኩላሊት ሐኪሙ ሳያውቅም የፈንገስ ክኒን ገዝታችሁ አትስጡት።