ብርድና ባልንጀራ በጋይንት መንገድ

በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ የሚኖር ደገኛ የብርድን ነገር ከመጽሐፍ አይማርም። ከተማውን ነፋስ መውጫ ብሎ ለሰየመ ሕዝብ ነፋስ ምን እንደ ሆነ ማንም ሊያስረዳው አይገባም። ይሁን እንጂ ብርድን መልመድና ከብርድ መጠበቅ ልዩ ልዩ ነገሮች ናቸው። በተለይም ዕድሜያቸው ከስድሳ ዓመት ያለፈ ሰዎች በኅዳር፣ በታኅሣሥና በጥር ወራት ረጅም መንገድ በእግራቸው ሲጓዙ ሊያውቁት የሚገባ ነገር ስላለ፣ የዚህን ወር ጽሑፋችንን ለእነርሱና አብረዋቸው ለሚሄዱት ባልንጀሮቻቸው አድርገነዋል።

የአገሩን አቀማመጥ አስቀድሞ መመልከት ያስፈልጋል። የጉና ተራራ ጫፍ ከባሕር ጠለል በላይ ከ4100 ሜትር ይበልጣል፤ የርብና የጉማራ ወንዞችም ከዚያው ተነሥተው ወደ ጣና ይወርዳሉ። በደቡብና በምሥራቅ በኩል ግን ምድሩ ወደ ዓባይና ወደ በሽሎ ሸለቆ ቁልቁል ይወርዳል። ስለዚህ የስማዳው ቈለኛ በማሳው ላይ በላብ ተጠምቆ በሚውልበት ቀን፣ የላይ ጋይንት ዘመዱ ማለዳ ሲነሣ የገብሱን ማሳ አመዳይ አልብሶት ያገኘዋል። አየር በየ1000 ሜትሩ ከፍታ በአማካይ 6 ዲግሪ ተኩል ያህል ይቀዘቅዛል። እንግዲህ ከ1500 ሜትር ተነሥቶ ወደ 3100 ሜትር የሚወጣ መንገደኛ፣ ቀኑ ሳይለወጥበት ዐሥር ዲግሪ ያህል ብርድ ይጨመርበታል ማለት ነው። የነፋሱ ነገር ገና አልተቈጠረም።

በታኅሣሥ ሌሊቱ እንዲህ የሚከፋው ሰማዩ ጥርት ብሎ ስለሚያድር ነው። ምድር ቀን ከፀሐይ የተቀበለችውን ሙቀት፣ የሚሸፍናት ደመና ሲታጣ፣ ሌሊቱን ወደ ላይ ትለቀዋለች። የቀዘቀዘውም አየር ከባድ ስለ ሆነ እንደ ውሃ ወደ ረባዳው ይፈስሳል። ውርጭ ከተዳፋቱ ይልቅ አስቀድሞ የረባዳውን ገብስ የሚመታው በዚህ ምክንያት መሆኑን ገበሬው ጠንቅቆ ያውቃል፤ ነገር ግን ለገብሱ ያወቀውን ለራሱ ይዘነጋል። መንገድ ላይ የመሸበት ሽማግሌ ውሃ ቅርብ ነው ብሎ ከወንዝ ዳር መስክ ላይ ከማደር፣ ጥቂት ከፍ ብሎ ነፋስ ከማይደርስበት ተዳፋት ጥግ ቢያድር ይሻለዋል።

በብርድ ወራት አረጋውያን ተጠራርተው መንገድ የሚወጡት በእኛ አገር ብቻ አይደለም። በኖርዌይና በስዊድን በረዶ ምድሩን ለወራት ሸፍኖት ሲከርም፣ ስኪ የሚባለውን ረጅምና ቀጭን ሳንቃ ከጫማቸው ጋራ አያይዘው፣ በሁለት እጃቸው ሁለት ምርኩዝ ይዘው፣ ሜዳውንና ጫካውን እየተንሸራተቱ የሚያቋርጡ ብዙ ሽማግሌዎችና ባልቴቶች አሉ። በ1875 እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በኖርዌይ የተወለደውና በካናዳ ብዙ ዘመን የኖረው ኸርማን ስሚዝ ዮሐንሰን፣ በ1987 በ111 ዓመቱ የሞተ ሲሆን፣ ዕድሜው ከመቶ ካለፈ በኋላ እንኳ ስኪውን አልሰቀለም ነበር። የአገራችን ልጅ ሮቤል ተክለ ማርያምም በ2006 በጣሊያን አገር በቶሪኖ በተደረገው የክረምት ኦሊምፒክ በ15 ኪሎ ሜትር የስኪ ውድድር ተሰልፎ፣ በዚህ በዓል የተካፈለ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆኗል። ክረምት ሲባል የእነርሱ የበረዶው ወራት ነው እንጂ የእኛው የሐምሌ ዝናብ አይደለም።

ይህን ማንሣታችን የጋይንት ሽማግሌ ስኪ ይግዛ ለማለት አይደለም። እርሱ ሳንቃ ባያስርም በዱላው ተደግፎ ሥራውን ሲሠራ ኖሯል። የዓለም የጤና ድርጅት በ2020 ባወጣው ምክር፣ ዕድሜያቸው ከ65 ዓመት በላይ የሆኑ ሰዎች ጤናቸው እስከ ፈቀደ ድረስ በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ ሰውነታቸውን እንዲያንቀሳቅሱ ይመክራል። ቅዳሜ ገበያ ወርዶ የሚመለስ የእስቴ ሽማግሌ ይህን በአንድ ቀን ይጨርሰዋል። ከስኪ ተጓዦቹ ልንማር የሚገባን ሌላ ነው፤ ይኸውም በብርድ አገር ብቻውን የሚሄድ ሽማግሌ አለመኖሩ እንዲሻል ማወቃቸው ነው። ምክንያቱን በምሳሌ እናስረዳለን።

ለገና በዓል ወደ ላሊበላ በእግር መሄድ የቈየ ልማድ ነው። ከነፋስ መውጫ ተነሥቶ በጨጨሆ፣ በደብረ ዘቢጥና በጋሸና በኩል የሚያልፈው መንገድ ከፍታው እምብዛም አይቀንስም። ዐፄ ቴዎድሮስ በ1860 ዓ.ም. ሴባስቶፖልን እያስጐተቱ ከደብረ ታቦር ወደ መቅደላ ሲጓዙ በዚሁ በጨጨሆ በኩል መንገድ እያስቈረጡ አልፈዋል። ጨጨሆ ግራና ቀኙ ገደል የሆነ ቀጭን ጀርባ ስለ ሆነ ነፋሱን የሚከልል ነገር የለውም።

እንግዲህ አራት ባልንጀራሞች በታኅሣሥ አጋማሽ ከዚህ ስፍራ ደረሱ እንበል። አንደኛው በወጣትነታቸው በቤተ ልሔም ድጓ የተማሩ መሪጌታ፣ ሁለተኛው ጡረታ የወጣ ወታደር፣ ሦስተኛው የእስቴ ገበሬ፣ አራተኛው ከስማዳ ቈላ የመጣ ስለተኛ ነው። ሦስቱ ባናና በርኖስ ደርበዋል። የስማዳው ሰው ግን የለበሰው ጋቢ ነው፤ ያውም አዲስ፣ ለበዓሉ የተሸመነ። ዳገቱን ሲወጣ ሞቀውና ጋቢውን ሳያወልቅ ላቡን አጠጣው፤ ከላይ ሲደርስ ጉም ጨመረበትና ነፋሱ ተቀበለው።

ነገሩ ያለው እዚህ ላይ ነው። ጋቢ የጥጥ ሥራ ነው። ጥጥ ደረቅ ሳለ እጅግ ያሞቃል፤ ከረጠበ ግን ሙቀት መያዙን ትቶ ከገላ ላይ ብርድን እንደሚለጥፍ ጨርቅ ይሆናል። ባናና በርኖስ ከበግ ጠጕር ስለ ተሠሩ ቢረጥቡም ጥቂት ሙቀት አይነፍጉም። ስለዚህ በደጋ መንገድ የሚወጣ ሰው የጠጕር ልብስ ቢኖረው ይበጀዋል፤ ከሌለውም ዳገቱን ከመጀመሩ በፊት ጋቢውን አጣጥፎ በትከሻው ይያዝ፣ ከላይ ሲደርስ ደረቁን ይልበስ።

የስማዳው ሰው ከጧት ጀምሮ የመንገዱ ሁሉ ጨዋታ የእርሱ ነበረ። አሁን ግን ዝም አለ። ገበሬው ዞር ብሎ «አያ፣ ዛሬ ምነው አፍህ ተሸበበ?» ቢለው፣ የመለሰው ቃል የሰካራም ቃል ይመስል ነበረ። ዱላው ከእጁ ወደቀና ለማንሣት ጣቱ አልታዘዝ አለው። ከሁሉ ይልቅ መሪጌታውን ያስደነገጣቸው ቅድም ይንቀጠቀጥ የነበረው ሰው መንቀጥቀጡን መተዉ ነው።

የሰው አካል የውስጥ ሙቀት 37 ዲግሪ ያህል ነው። ይህ ከ35 ዲግሪ በታች ሲወርድ አእምሮ ይደነዝዛል፣ ምላስ ይተሳሰራል፣ እግር ይደናቀፋል፤ እየባሰ ሲሄድም ልብ ሥራዋን እስከ ማቋረጥ ትደርሳለች። በሽማግሌ ላይ አደጋው የሚከፋበት ምክንያት አለ። ቈዳው ብርድን ዘግይቶ ያስታውቀዋል፣ ሥጋው ስለ ሳሳ ሙቀት የሚያመርትበት ጡንቻ ያንሰዋል፣ የደም ሥሮቹም ከብርድ ሲሸሹ የደሙ ግፊት ይጨምራል። ከዚህም ሌላ የደነዘዘ ሰው መደንዘዙን ራሱ አያውቅም። «ደኅና ነኝ» ይላል። ስለዚህ መድኀኒቱ በመጀመሪያ የባልንጀራ ዐይን ነው፤ የጓደኛውን ጠባይ የሚያውቅ ሰው፣ ተጫዋቹ ዝም ሲል፣ ዝምተኛው ሲቀባጥር ወዲያው ይነቃል።

ወታደሩ ይህን ባየ ጊዜ ከጉያው ትንሽ ጠርሙስ አውጥቶ «አረቄ ይቅመስ፣ ይሞቀዋል» አለ። መሪጌታው ግን ጠርሙሱን ተቀብለው ከራሳቸው ዘንድ አኖሩት፤ መልካምም አደረጉ። አረቄ የሚያሞቅ የሚመስለው በቈዳ ላይ ያሉትን የደም ሥሮች ስለሚከፍት ነው። ሰውዬው ፊቱ ሲግል የሞቀው ይመስለዋል፤ በእውነቱ ግን በውስጡ የቀረው ሙቀት በተከፈተው በር እየወጣ ያልቃል። በዚህ ስሕተት በደጋ መንገድ ላይ ሰው ተኝቶ ሊቀር ይችላል።

ከዚያ በኋላ ያደረጉት እንዲህ ነው። ከነፋሱ በሚከልል ቋጥኝ ሥር አስገቡት፤ እርጥቡን ጋቢና እጀ ጠባብ አውልቀው በደረቅ ባና ጠቀለሉት፤ ከመሬቱ ብርድ እንዲለይ ከሥሩ የበግ ለምድ አነጠፉለት፤ ገበሬውና ወታደሩም ግራና ቀኝ ተጠግተው በገላቸው ሙቀት አሞቁት። እጁንና እግሩን አላሹትም፣ ከእሳትም አጠገብ አላስጠጉትም፤ የደነዘዘ ቈዳ ሲቃጠል አይሰማምና፣ ማሸቱም ጕዳት ያመጣል። በትክክል መዋጥ መቻሉን ካረጋገጡ በኋላ ለብ ያለ ውሃ ማር በጥብጠው በትንሽ በትንሹ አጠጡት። ሰዓቱ የጾም ሰዓት ቢሆንም መሪጌታው አላመነቱም። ባዶ ሆድ እንጨት እንዳለቀበት ምድጃ ነውና፣ በጾም ወራት የሚጓዝ ሽማግሌ ከመንገዱ በፊት ከንስሐ አባቱ ጋራ ቢመካከር፣ ቋጠሮውም በሶና ዳቦ ቆሎ ባይጐድለው ተገቢ ነው።

የስማዳው ሰው መንቀጥቀጥ ሲጀምር ሦስቱም ደስ አላቸው። ሲያዩት የሚያስጨንቅ ቢሆንም መንቀጥቀጥ ሰውነት ወደ ሥራው የመመለሱ ምልክት ነው። ቃሉም ሲጠራለት የተናገረው የመጀመሪያ ነገር «እንነሣ፣ እንሂድ» የሚል ነበረ።

«ዛሬ አንሄድም» አሉ መሪጌታው።

«የኔታ፣ ስለት አለብኝ። ከመንገድ ተመለሰ ልባል ነው?»

«ስለቱን የተሳልኸው ለላሊበላ ነው እንጂ ለጨጨሆ ነፋስ አይደለም። አንተ ስትመለስ እኛም አብረን እንመለሳለን።»

ኖርዌያውያን ለተራራ መንገደኞች ባወጡት የጥንቃቄ ደንብ ውስጥ በጊዜ መመለስ ነውር እንዳልሆነ የሚገልጽ ቃል አኑረዋል። እነርሱም ቢሆኑ እልከኞች ሳይሆኑ አይቀሩም፤ ባይሆኑማ ባልጻፉት ነበር።

አሁን ስለ ማደሪያው ጥቂት እንናገር። በዚያች ሌሊት አራቱም በአንድ ክፍል፣ በአንድ ባና ሥር ማደራቸው የግድ ነበረ። ነገር ግን ሰውን ከብርድ የሚያድነው መጠጋጋት ለልብስ ቅማል ደግሞ ድልድይ ይሆናል። የሚያገረሸው ትኩሳት፣ ሕዝቡ ግርሻ የሚለው፣ የሚተላለፈው በልብስ ቅማል ነው፤ ቅማሉ በጥፍር ሲጨፈለቅ በውስጡ ያለው ተሐዋሲ በተቧጠጠ ቈዳ በኩል ይገባል። ስለዚህ ቅማልን በጥፍር መግደል ክፉ ልማድ ነው። ከመንገድ የተመለሰ ሰው ልብሱን በፈላ ውሃ ይቀቅል፣ ይልቁንም ስፌቱን ይመርምር፤ ቅማል እንቍላሉን የሚጥለው በዚያ ነውና። ብርቱ ራስ ምታትና ትኩሳት ይዞት ለቅቆት፣ ከቀናት በኋላ እንደ ገና የያዘው ሰው «ብርድ መታኝ» ብሎ እንዳይተኛ፤ በጤና ጣቢያ የሚሰጥ የታወቀ መድኀኒት አለው።

ክፍሉን ለማሞቅ ከሰል አንድዶ በር ዘግቶ መተኛትም ነፍስ ያጠፋል። ከፍሙ የሚወጣው መርዝ ሽታም ቀለምም የለውም፤ የተኛው ሰው ሳይነቃ ይቀራል። ከሰሉ ከመኝታ በፊት ወደ ውጭ ይውጣ።

የእግርን ነገር ሳናነሣ አናልፍም። በደጋው ቀይ አፈር ላይ በባዶ እግር መሄድ ለብዙ ዓመታት ሲደጋገም የእግር ዝሆኔን ያመጣል። ይህ በሽታ የእርግማን ውጤት እንዳልሆነ፣ ከሰው ወደ ሰውም እንደማይተላለፍ፣ ምክንያቱም በአፈሩ ውስጥ ያለ ደቃቅ የማዕድን ብናኝ እንደ ሆነ እንግሊዛዊው ሐኪም ኧርነስት ፕራይስ በኢትዮጵያ ባደረገው ጥናት አስረድቷል። ሰው ሁሉ ጫማ ያድርግ፤ ማታ ማታ እግሩን በሳሙና ታጥቦ በጣቶቹ መካከል ሳይቀር ያድርቅ። የላስቲክ ጫማ ላብ ስለሚይዝ በብርድ መንገድ ካልሲ መለወጫ ያስፈልገዋል። ባልቴቶቻችን ውሃ ለመቅዳት አመዳዩን በባዶ እግራቸው ሲረግጡ ዛሬም ይታያሉ፤ በቤቱ አንድ ጫማ ብቻ ሲገዛ ለማን እንደሚገዛ የሁሉም ቤት ያውቀዋል።

ወደ ባልንጀራሞቹ እንመለስ። በማግሥቱ ፀሐይ ከጠናች በኋላ በመኪና ወደ ነፋስ መውጫ ተመለሱ፤ የስማዳውን ሰው በጤና ጣቢያ አስመረመሩት፤ ሁለት ሌሊት ዐረፉ። ሦስቱ ገንዘብ አዋጥተው ከገበያ አንድ ባና ገዙለት፤ እርሱም በልጦ እስኪያስቸግራቸው ድረስ ጨዋታውን ጀመረ። ከዚያ በኋላ ጨጨሆን በአውቶቡስ ተሻግረው ከጋሸና ወዲያ ያለውን ቁልቁለት በእግራቸው ሊሄዱ ተስማሙ። ወታደሩ ግን ጠርሙሱ ስላልተመለሰለት እስከ ጋሸና ድረስ ሲያጕረመርም ሄደ።