ከወረቀት ካርታ ወደ ቬክተር፦ ኮምፒውተር የማያነበው መስመር

የቀድሞው የኢትዮጵያ ካርታ ሥራዎች ኤጀንሲ በ1፡50,000 ስኬል ያሳተማቸው ካርታዎች የመሬትን ከፍታ በየ20 ሜትሩ በተሠመሩ የከፍታ መስመሮች ያሳያሉ። መሬቱ ረጋ ባለበት በወልቂጤ አካባቢ መስመሮቹ ይራራቃሉ፤ ከቡታጅራ በላይ ወደ ዘቢዳር ተራራ በሚወጣው ተዳፋት ግን እጅግ ይጠጋጋሉ።

ካርታው ስካን ሲደረግ ኮምፒውተሩ የሚያገኘው መስመር ሳይሆን ራስተር የተባለውን የነጠብጣቦች ድርድር ነው። በአንድ ኢንች 300 ነጠብጣብ ቢነበብ፣ እያንዳንዷ ነጠብጣብ በመሬት ላይ 4 ሜትር ያህል ስፋት ትወክላለች። ሶፍትዌሩ በመጀመሪያ ቀለሙን ከወረቀቱ ይለያል፤ ቀጥሎ መስመሩን የአንዲት ነጠብጣብ ውፍረት እስኪኖረው ያቀጥነዋል፤ በመጨረሻም እርሱን ተከትሎ ተያያዥ ነጥቦችን ይመዘግባል። ውጤቱ ቬክተር ይባላል።

ይሁን እንጂ ኮምፒውተሩ የሚከተለው ቅርፅን እንጂ ትርጉምን አይደለም። የከፍታው ቁጥር በታተመበት ቦታ መስመሩ ይቋረጥበታል፤ በተዳፋቱ ላይ ጎን ለጎን ያሉት ይጣበቁበታል። የ2,400 ሜትሩ መስመር በስሕተት ከ2,420ው ጋር ቢቀጠል፣ ከመረጃው የሚሠራው የመሬት ሞዴል የጎርፉን መውረጃ ያዛባል። እንደ ቡታጅራ በተራራ ግርጌ ለተቆረቆረች ከተማ ይህ ማለት ያለቦታው የተቀየሰ የጎርፍ ቦይ ነው።

ስለዚህ የሰው ዐይን የግድ ያስፈልጋል። ባለሙያው ክፍተቶቹን ይዘጋል፤ ለእያንዳንዱ መስመር ከፍታውን ይሰጣል። መሬቱ ሳያቋርጥ በሚወጣበት ስፍራ በየ100 ሜትሩ ደምቀው በተሠመሩት ሁለት መስመሮች መካከል አራት ቀጫጭን መስመሮች ሊገኙ ይገባል፤ ቁጥሩ ከጎደለ ወይም ከበዛ ወደ ወረቀቱ ተመልሶ ይመረምራል።