ከገጽ 39 እስከ 43

አምስት ገጽ ናት። «አክታ ትሮፒካ» የተባለው የሕክምና መጽሔት በ2014 አወጣት (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ጀርመናዊው ሚካኤል ፋውልደ፣ ሊዮፖልዶ ሩዌዳ እና የጅቡቲው ቡህ አብዲ ካይሬህ የጻፏት ነገር አጭር ነው፦ አኖፊለስ ስቴፈንሲ የምትባለው የእስያ የወባ ትንኝ ጅቡቲ ከተማ ውስጥ ተገኝታለች፤ ወባው ሲያገረሽም እጇ ሳይኖርበት አይቀርም። «ሳይኖርበት አይቀርም» ነው ያሉት። ተመራማሪ አፉን ሞልቶ ለመናገር አይቸኩልም።

ጅቡቲ በ2012 ያስመዘገበችው የወባ ሕመምተኛ 27 ነበር። ሁለት ሚኒባስ ታክሲ ሞልቶ ሦስት ሰው ይተርፋል። በማግስቱ ዓመት 1,684 ሆነ። በ2020 ደግሞ 73,535! በዚያው ሂሳብ ከ6,000 በላይ ታክሲ ማሰለፍ ይኖርብናል። ይህ ሁሉ ሕዝቧ አንድ ሚሊዮን ገደማ በሆነች አገር ነው። ወባን ከምድሯ ልታጠፋ ጫፍ ደርሳለች ይባል የነበረውም ስለዚህችው አገር ነው።

ለአፍሪካ ወባ የገጠር በሽታ ነበር፤ ረግረግ፣ ኩሬ፣ ከዝናብ በኋላ። ስቴፈንሲ ግን ከተሜ ናት። እንቁላሏን ሰው ለራሱ ባጠራቀመው ንጹሕ ውሃ ላይ ትጥላለች፤ በርሜል፣ ሮቶ፣ የግንባታ ገንዳ ይበቃታል። የበርሜሉን ክዳን ከፍተው በባትሪ ቢያዩ የሌሎች ትንኞች እጭ ጭራውን ወደ ላይ አድርጎ ቁልቁል ይንጠለጠላል፤ የአኖፊለስ እጭ ግን ልክ እንደተጣለ ክብሪት በውሃው ፊት ላይ ተጋድሞ ይታያል። በሙቀቱ ጊዜ 40 ዲግሪ በሚያልፍ ከተማ ውሃ የማያጠራቅም ማን አለ?

ትንኟ የምታደርሰው እስከ ቆዳ ነው። ቀሪው ታሪክ የደም ነው፤ እሱም ቢሆን በጥቂት ገጾች የተጻፈ። በ1950 እንግሊዝ አገር ደም አልረጋ የሚለው ሄሞፊልያ የያዘው፣ ብዙ ጊዜም ደም የተሰጠው አንድ በሽተኛ ነበር። በደሙ ውስጥ እስከዚያ ያልታወቀ ፀረ እንግዳ አካል ተገኘ፤ በስሙም «ዳፊ» የተባለው የደም ዓይነት ተሰየመ። ከ26 ዓመት በኋላ ሉዊስ ሚለርና ባልደረቦቹ ቫይቫክስ የሚባለውን ወባ በተሸከሙ ትንኞች የተነከሱ 17 ፈቃደኞችን ደም አጠኑ። ወባው ደማቸው ውስጥ ያልገባው አምስቱ ብቻ ነበሩ፤ አምስቱም ዳፊ የሌላቸው ጥቁሮች። በ1995 ምክንያቱ ታወቀ፦ ሦስት ቢሊዮን ገደማ ከሚሆኑት የዘረመል ፊደላት አንዷ፣ ቲ መሆን ሲገባት ሲ ሆና ተገኘች። በቀይ የደም ሴል ላይ ቫይቫክስ የሚያንኳኳው በር በዚህች ፊደል ምክንያት የለም።

እዚህ ላይ ጥቂት ልቆይ፤ ይቺ ፊደል ለእኔ ከ73,535ም በላይ ታስደንቀኛለችና። የነጭ የደም ሴልን ቁጥርም ዝቅ የምታደርገው እሷው መሆኗን የ2009 ጥናት አሳይቷል። ከነጭ ሴሎቹ መካከል ኒውትሮፊል የሚባሉት በአንድ ማይክሮሊትር ደም ከ1,500 ካነሱ «ዝቅተኛ» ተብሎ ይጻፋል። ሆኖም ስንትና ስንት ጤነኛ አፍሪካዊ ከዚያ በታች ነው። የላቦራቶሪ ወረቀቱ ያስፈራዋል እንጂ ሕመም የለበትም።

ኢትዮጵያ ውስጥ ዳፊ ያለውም የሌለውም ጎን ለጎን ይኖራል፤ ቫይቫክስም ስለዚህ አገር አግኝቷል። ዳፊ በሌላቸው ኢትዮጵያውያን ደም ውስጥም መገኘቱ ተጽፏል። በሩ ተዘግቷል ብሎ መተኛት አይቻልም።

ጅቡቲ ላይ ሌላም ጉድ አለ። ጣት ተወግቶ በደቂቃዎች ውስጥ ውጤት የሚሰጠው ምርመራ፣ ፋልሲፋረም የተባለው ወባ የሚያመነጨውን ፕሮቲን በፀረ እንግዳ አካል ይይዛል። በ2020 የወጣ ጥናት ግን ከጅቡቲ የተወሰዱት አብዛኞቹ ናሙናዎች ያንን ፕሮቲን የሚሠራው ዘረመል የሌላቸው ሆነው አገኘ። ሰውየው በትኩሳት እየተንቀጠቀጠ ወረቀቱ «የለም» ይለዋል ማለት ነው።

የኢትዮጵያ የወጪና ገቢ ንግድ አብዛኛው የሚያልፈው በጅቡቲ ወደብ ነው፤ መንገዱና ሐዲዱ ደግሞ ድሬዳዋን ከጅቡቲ ጋር ያገናኛሉ። በ2022 ከጥር እስከ ግንቦት፣ በደረቁ ወቅት፣ ድሬዳዋ ውስጥ ከ2,400 በላይ የወባ ሕመምተኛ ተመዘገበ፤ በ2019 የተመዘገበው 205 ነበር። የአርማወር ሐንሰን የምርምር ኢንስቲትዩቱ ፍጹም ታደሰና ባልደረቦቹ በየሕመምተኛው ቤት ዙሪያ ፈትሸው የደረሱበትን በ2023 አሳተሙ። እዚያም ያቺው ስቴፈንሲ ናት፤ የውሃ ማጠራቀሚያ ውስጥ።

ድሬዳዋ ያላችሁ፣ ዛሬ ማታ ባትሪ ይዛችሁ የሮቶውን ክዳን አንሡና እዩ። ተጋድሞ የሚንሳፈፍ ነገር ካለ ውሃውን ድፉት።